አራቱም ሰዎች እኔ ነኝ

ጥቅምት 6 ቀን

ባሕር ተሻግሮ ለሚኖረው ለአክስቴ ልጅ፣

ይህች ወረቀት በጤናህ በሰላምህ ታግኝህ። ፈጣሪ ከክፉ ይሰውርህ፣ የያዝከውን ሥራ ያቃናልህ። እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ቀኑን ሙሉ ጫማ ላይ አጎንብሶ ስለሚውል ወገቡን ይዞ ይገባል እንጂ ደህና ነው። እናትህም ዓይኗ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ደህና ናት፤ ትናንት እንኳ ያለ መነጽር መርፌ ውስጥ ክር አስገባሁ ብላ ስትፎክርብኝ ዋለች። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

በዚህ ዘመን ወረቀት ምን አመጣው እንዳትለኝ። ኮምፒውተሩ ባለበት ቤት ውስጥ አፌን መክፈት ስላልፈለግሁ ነው። ለምን እንደሆነ አሁን ታነበዋለህ።

ያለፈው ማክሰኞ አንተ ያስገባኸኝ ድርጅት ደብዳቤ ላከልኝ። የምሠራውን ታውቃለህ፤ የሠራተኛና የአሠሪ ክርክር በድምፅ ተቀድቶ ይመጣልኛል፣ እኔ እየሰማሁ ቃል በቃል እተይባለሁ። ምስጢር ነው። ብቻዬን ልሰማ፣ ለማንም ላልተነፍስ ፈርሜ ነው የገባሁት። ታዲያ ደብዳቤው ምን ቢል ጥሩ ነው? «በሥራ ሰዓት ክፍልሽ ውስጥ ቢያንስ አራት የተለያዩ ሰዎች ሲናገሩ ተሰምቷል። ቅጂዎቹን ለሌሎች አሰምተሻል ብለን እንጠረጥራለን። ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ ሥራ አይላክልሽም።»

ሳነበው ደሜ ፈላ። እኔ? እኔ ምስጢር አውጥቼ? አስራ ዘጠኝ ዓመት ፍርድ ቤት የተየብኩ ሴት ነኝ! የሰው ትዳር ሲፈርስ፣ ወንድም ወንድሙን ሲከስ፣ የስንቱ ሰፈርተኛ ጉድ በጣቶቼ ሲያልፍ አንድ ቀን ከአፌ ወጥቶ ያውቃል? ባለቤቴ እንኳ «አንቺ ዘንድ የገባ ነገር ጉድጓድ ገባ» እያለ ይስቅብኛል። አሁን በስተርጅና ወሬኛ ልባል?

ደሞ አራቱ ሰዎች እነማን እንደሆኑ ታውቃለህ? አራቱም ሰዎች እኔ ነኝ! አንተ ልጅ፣ የኔን አሠራር ከማንም የበለጠ ታውቀዋለህ። በቀቀን ብላችሁ ስም ያወጣችሁልኝ ለምን ሆነና! ፍርድ ቤት ስገባ የመተየቢያ ክፍሉ ኃላፊ ያስተማሩኝ ነው። «አራት ሰው እየተቀባበለ ሲናገር የአንዱን ቃል ለሌላው እንዳትሰጪ በራሱ ድምፅ ድገሚውና ከዚያ ጻፊው» አሉኝ። ሰብሳቢውን በወፍራም፣ ምስክሯን በቀጭን፣ ተከራካሪዎቹን አንዱን በችኮላ አንዱን በመጎተት እየደገምኩ ነው የምተይበው። እስከ ዛሬ የማንንም ቃል ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ማን ምን እንዳለ ግን ለአንተም አልነግርህም።

እሺ፣ ይሄ ይቅር። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። መስኮቴን ዘግቼ፣ በበሩ ሥር ጨርቅ ወትፌ የተናገርኩትን እነሱ በምን ሰሙት? ማሽኑ ከሰኔ ጀምሮ ሥራ ባልያዝኩበት ሰዓት እንኳ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ማራገቢያው ያቃስታል፣ በስክሪኑ ጥግ ከሰዓቱ አጠገብ የማይክሮፎን ምልክት ተደቅኖ አይጠፋም። ያኔ በስልክ ስጠይቅህ «ምንም አይደለም እትዬ፣ የቪፒኤኑ ድምፅ ነው» ብለህ አሳለፍከኝ። አሁን በሚገባኝ ቋንቋ ንገረኝ፤ ይሄ የቪፒኤን ድምፅ የሚባለው ፕሮግራም ምን ይሠራል? ለአለቆችህም ሴትዮዋ አንድ ናት በላቸው። አንተ አጠገባቸው ነህ፣ እኔ ሩቅ ነኝ።

ሰላምታዬ ይብዛልህ።
እትዬ ብለህ የምትጠራኝ

ጥቅምት 28 ቀን

ለማከብርሽ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? የጋሼ ወገብ እንዴት ነው? ሙቅ ነገር አድርጉበት። የእናቴን ዜና ስለጻፍሽልኝ ዕድሜ ይስጥልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ብርዱ ቢጠናም ቢሮው ይሞቃል።

እትዬ፣ በመጀመሪያ አትናደጂ። እንዲህ ያለ ነገር በድርጅት ያጋጥማል፣ ተጣርቶ ያልፋል። ስለ ፕሮግራሙ የጠየቅሽኝን ላስረዳሽ። ቪፒኤን ማለት ካንቺ ቤት እስከኛ ቢሮ በኢንተርኔቱ መሀል የተዘረጋ የተሸፈነ መተላለፊያ ማለት ነው። መንገደኛው ሁሉ በሚሄድበት ጎዳና ላይ ግራና ቀኙ ታጥሮ እኛ ብቻ የምንመላለስበት እንደማለት። የቪፒኤን ድምፅ የሚባለው ደግሞ በዚያ መተላለፊያ ቅጂውን ተሸክሞ ጆሮሽ ድረስ የሚያመጣልሽ ነው። ከጀርባ ሆኖ ስለሚሠራ መስኮት የለውም፤ ስለዚህ አታዪውም። ማሽኑ የሚግለው ዕድሜው ስለገፋ ነው። ፕሮግራሙን አትንኪው፣ ከተዘጋ ድምፅ አይመጣልሽም።

አለቃዬን በጥሩ ሰዓት አነጋግረዋለሁ። አሁን ሥራ በዝቶበት ፊቱ አይታይም። አንቺ ብቻ ዝም ብለሽ ጠብቂ፣ ለድርጅቱ ሌላ ደብዳቤ አትጻፊ። ወደፊት ሥራ ስትጀምሪ ደግሞ ክፍሉ ጸጥ ያለ ይሁን። ያንን ሲከፈት እንደ ድመት የሚጮኸውን በርሽን ዘይት አስነኪው።

ለጋሼ ሰላም በይልኝ።
ታናሽ ወንድምሽ

ኅዳር 9 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። እኛ ደህና ነን።

ደብዳቤህ ሐሙስ ደረሰኝ። አርብ ጠዋት ኮምፒውተሩን በነጠላ ጠቅልዬ፣ ታቅፌ ወደ ኮምፒውተር ጠጋኟ ሄድኩ። ከገበያው ጀርባ፣ ሰዓት አዳሹና ቁልፍ ቀራጩ መሀል የተጣበቀች ሱቅ አለቻት። እኔን የምታክል ሴት ናት፣ መነጽሯን በክር አንጠልጥላ፣ ጣቶቿ በብየዳ ተጠባብሰው። ገና ስትከፍተው፦

«ይሄ ማሽን ምን ነክቶታል? ዳቦ ልትጋግሪበት ነው?» አለችኝ።

«አርጅቶ ነው አሉኝ» አልኳት።

«ያለሽ ሰው እሱ ራሱ አርጅቷል። ማሽኑ ገና ልጅ ነው!»

በዚያ ሰዓት እየሠሩ ያሉትን ፕሮግራሞች ዝርዝር አወጣችው። አንዱ ሳንነካው ከሁሉም በላይ ጉልበት እየበላ ተቀምጧል። «ይሄን ታውቂዋለሽ?» አለችኝ። «ስሙን እንጂ ግብሩን አላውቅም» አልኳት። ዘጋችው። አንድ ሁለት እያልን ቆጠርን፤ አስራ አንድ ላይ ስንደርስ ተመልሶ ተነሣ። እንደገና ዘጋችው፣ እንደገና ተነሣ። ቪፒኤኑን ስታጠፋው እንኳ እዚያው ተጎልቶ ይጠብቃል። ማሽኑን አጥፍታ ስታበራው እኛ ፓስወርድ ሳንጨርስ እሱ ቀድሞን ገብቷል። «እንግዳ አይደለም ይሄ፣ ባለቤት ሆኗል» አለች።

የጆሮ ማዳመጫዬን ነቀለችው። ፕሮግራሙ ማሽኑ ውስጥ ወዳለው ማይክሮፎን ዞረ። አጨበጨበች። ስክሪኑ ላይ አንዲት አረንጓዴ መስመር ዘለለች። ቪፒኤኑን ከፈተችና ከማሽኑ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን መጠን የሚያሳየውን ቁጥር እያየች «እስቲ ዝም በይ» አለችኝ። ዝም አልኩ፤ ቁጥሩ ተኛ። «አሁን አውሪ!»

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን!»

የፈለግሁትማ ብዙ ነበር! ድርጅታችሁን ከላይ እስከ ታች ሰደብኩት። ቁጥሩ ከኔ ጋር አብሮ ወጣ። ትንፋሽ ስወስድ ወረደ፣ ስቀጥል ወጣ። ቁልፍ ቀራጩ ሥራውን ትቶ በር ላይ ቆሞ ይስቅ ነበር፤ እኔ ግን እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። የምናገረው ሁሉ በዚያ በታጠረ መንገዳችሁ ወደናንተ እየሄደ ነው! ሥራ ካገዱኝ በኋላ እንኳ! ወር ሙሉ!

አሁን ደግሞ ይሄን ስማ። ጠጋኟ ለፕሮግራሙ የማይክሮፎኑን ፈቃድ ብቻ ነፈገችው፣ ሌላውን አልነካችም። የመለማመጃ ቅጂ ከፈትኩ። ድምፁ ጥርት ብሎ መጣልኝ። ያ ስናማርርበት የነበረው መቆራረጥ እንኳ ጠፋ። አረንጓዴዋ መስመር ሞታለች፣ ማሽኑም ቀዝቅዟል። ለመስማት ማይክሮፎን አያስፈልግም! አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ፣ ይሄን ሳታውቅ ነው ወይ «ከተዘጋ ድምፅ አይመጣልሽም» ያልከኝ?

ምስጢር ከክፍሌ ወጣ አሉኝ አይደል? አዎ ወጥቷል። ያወጣው ግን የናንተው ፕሮግራም ነው። በክፍሉ ውስጥ ከኔ ሌላ የነበረ ጆሮ እሱ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በሬን ዘይት አስነኪው ብለሃል። አናጢው አዲሱን በር የገጠመው ሐምሌ ላይ ነው። መጮህ የጀመረው ከዚያ ወዲህ ነው። በስልክም በደብዳቤም ነግሬህ አላውቅም፤ ባለቤቴን ጠየቅሁት፣ እሱም አልነገረህም። አስራ ዘጠኝ ዓመት የምስክር ቃል ስተይብ ኖሬያለሁ።

በሬ እንደሚጮህ በምን አወቅህ?

ኅዳር 30 ቀን

ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ጤናሽን እመኛለሁ። የእናቴ ዓይን እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ያዘዘላትን ጠብታ በሰዓቱ ታድርግ፣ እባክሽ አስታውሻት። እዚህ ሌቱ ረዝሟል፣ ከቢሮ ስንወጣም ይጨልማል። ለጋሼ ጓንት ልልክለት አስቤ ነበር፣ ቁጥሩን ጻፊልኝ።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። አለቃዬን አነጋገርኩት። አንቺን ለመመለስ ፈቃደኛ ነው። ከዚህ ጋር አንድ ገጽ ወረቀት አያይዣለሁ። ከታች በኩል ብቻ ፈርመሽ ላኪልኝ፤ ሌላው ተሞልቷል። ፎርማሊቲ ነው እትዬ። ብዙ አታስቢበት። ስትፈርሚ በሳምንቱ ሥራ ይላክልሻል፣ ያለፈውም ይረሳል።

ለእኔም ስትይ ፈርሚው።

ወንድምሽ

ታኅሣሥ 14 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

የላክኸውን ወረቀት አነበብኩት። መነጽሬን ወልውዬ ደግሜ አነበብኩት። ብዙ አታስቢበት ብለኸኝ ነበር፤ አስቤበታለሁ።

«ማይክሮፎኑ በሥራ ሰዓት ክፍት እንደሚሆን አስቀድሞ ተነግሮኝ ተስማምቻለሁ» ይላል። ቀኑም ተሞልቷል። ሥራ የጀመርኩበት ቀን! ግንቦት 2! ኧረ ተው! በኅዳር የታተመ ወረቀት ላይ በግንቦት ልፈርም? ፍርድ ቤት ሳለሁ እንዲህ ያለ ቀን የተሞላበት ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው አጋጥሞኛል። ምን እንደተፈረደበት አልነግርህም፤ ገምት።

ባለቤቴ «ፈርሚና ተገላገይ፣ ሥራሽን ትወጂዋለሽ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ እወደዋለሁ። ጠዋት ተነሥቼ ያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ሰው ነኝ። አሁን የሱን ሱቅ እየጠረግሁ፣ የጫማ ማሰሪያ እየደረደርኩ እውላለሁ። ደንበኞቹ «ቢሮሽ ተዘጋ እንዴ?» ይሉኛል። ምን ልበላቸው? ምስጢር አወጣሽ ተባልኩ ልበላቸው?

ይሄን ከፈረምኩ ደሞ ምን እንደሚሆን ላንተ አልነግርህም፣ ታውቀዋለህ። ማይክሮፎን የከፈተባት የለም፣ እሷው ፈቅዳ ነው፣ እያወቀች አራት ሰው ሰብስባ አሰማች ይሆናል። ያልሰረቅሁትን ሰርቄያለሁ ብዬ፣ ለሌባው ደግሞ ቁልፉን የሰጠሁት እኔ ነኝ ልበል?

እናትህ ትናንት መጥታ «ከልጄ ጋር ምን ሆናችሁ? በስልክ ስምሽን ስጠራበት ዝም ይላል» አለችኝ። ምንም አልሆንንም አልኳት። ላንተ ብዬ አይደለም፣ ለዓይኗ ብዬ ነው።

ስለ በሩ ጩኸት አልመለስክልኝም። ስለ ጓንት ግን ጠየቅኸኝ። እንግዲያው ፍርድ ቤት እንደሚጠየቅ እጠይቅሃለሁ፣ አዎ ወይም አይደለም በል። ማይክሮፎኑን የከፈትከው አንተ ነህ? ስናገር ትሰማኝ ነበር? አራት ሰው አለ ሲሉኝ አንድ እንደሆንኩ ታውቅ ነበር?

ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልሃለሁ። የጓንቱን ነገር ተወው።

ጥር 11 ቀን

እትዬ፣

አዎ። አዎ። አዎ።

ይህችን ደብዳቤ አራት ጊዜ ጀምሬ ቀድጃታለሁ። ማለባበሱን ትቼ እንደሆነው ልንገርሽ።

ፕሮግራሙ ሁለት መስመር አለው፣ መምጫና መሄጃ። ሰኔ ላይ ጸሐፊዎች ሁሉ ድምፅ ይቆራረጣል እያሉ ሲያማርሩ እናንተ ጋ የሚሰማው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ መሄጃውን ከፈትኩት። ለሁለት ቀን ብዬ ነበር። ችግሩንም ያባባሰው እሱው መሆኑን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ከመዝጋቴ በፊት አለቃዬ እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ሰማ። «እንግዲያው ተወው፣ በየሳምንቱ እየሰማህ ናሙና አምጣልኝ» አለኝ። ለጸሐፊዎቹ እንንገር አልኩ። «በኋላ» አለ። በኋላው አልመጣም፣ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። አርባ አንድ ጸሐፊ አለን። የሁላችሁንም ቤት የምሰማው እኔ ነበርኩ።

ያንቺን ስሰማ ብቻዬን እስቅ ነበር። ሰብሳቢውን ስታደርጊው፣ ያንን ጎታታ ሰውዬ ስታደርጊው፣ ልጅ ሆኜ ሰፈሩን ሁሉ እየሆንሽ የምታስቂኝ መስሎኝ። ናፍቆቴን የምወጣው በዚያ ነበር ብልሽ አታምኚኝ ይሆናል። አንድ ቀን ጋሼ «ያ ልጅ ረስቶናል» ሲልሽ «እሱ ወንድሜ ነው፣ ስሙን እንዲህ አታንሣብኝ» ስትይው ሰማሁ። ያን ቀን ማዳመጫውን አውልቄ ወጣሁ። ማግስቱን ተመልሼ አደረግሁት።

ከዚያ ናሙናውን አለቃዬ ራሱ ሰማው። «እዚህች ሴት ቤት አራት ሰው አለ» አለ። አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሴት ናት፣ አውቃታለሁ ማለት ብቻ ነበር የሚፈለግብኝ። እንዲያ ካልኩ እንዴት አወቅህ ይመጣል፣ ዘመድህን ነው እንዴ ያስገባኸው ይመጣል። ቡናዬን ያዝኩና ዝም አልኩ። ወረቀቱንም ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ አንቺ ከተመለስሽ ነገሩ ያለ ድምፅ ያልቃል ብዬ።

ካንቺ በፊት ደግሞ ሦስት ሰዎች በዚሁ በማይክሮፎን በተሰማ ነገር ተባርረዋል። እንዴት እንደተሰማባቸው ዛሬም አያውቁም።

ይቅር በይኝ።

ጥር 29 ቀን

ለአክስቴ ልጅ፣

ደብዳቤህን ሱቁ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት፣ ከዚያ የጫማ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ «ማን ሞተ?» አለኝ።

ክፉኛ ተቀይሜሃለሁ። ስለሰማኸኝ ብቻ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ስናገር የነበረውን ሁሉ ወደ ኋላ እየሄድኩ ላስታውስ እሞክራለሁ። ከባለቤቴ ጋር የተጨቃጨቅነውን፣ በትከሻ ሕመም ያለቀስኩትን፣ ለብቻዬ ያንጎራጎርኩትን። ያ ሁሉ የኔ ነበር። ከመሀሉ አንዱን ጠቅሰህ ስትጽፍልኝ ያስደስታት ይሆናል ብለህ ነው? ስለ አንተ ደግ የተናገርኩትን እንኳ ሰርቀህ ነው የወሰድከው! በፊትህ ልናገረው እችል ነበር።

ከሁሉ የባሰው ግን ዝምታህ ነው። በዚያ ሁሉ ሩቅ አገር ድምፄን የሚለይ አንድ ሰው ነበረኝ። እሱም አፉን ዘጋ።

ይቅር በይኝ ብለሃል። ገና ነው። እኔ ዘመድህ ስለሆንኩ ተናደድኩብህ፣ ጻፍኩልህ፣ አፋጠጥኩህ። ሦስቱ ሰዎች ማንን ያፋጥጡ? እነሱም እንደኔ ማታ ማታ ምን አጠፋሁ እያሉ ነው የሚያድሩት። አለቃህ ፊት ቁም፤ በደብዳቤ አይደለም፣ ቁምና ተናገር። አንድ ሴት ናት በል። ማይክሮፎኑን እኔ ከፈትኩት በል። ከዚያ የአርባ አንዱንም ዝጋ፣ ለሦስቱም የሆነውን ጻፍላቸው። የኔ ስም ብቻ ቢጸዳ አልፈልግም፤ ከነሱ ተለይቼ ወንበሬ ላይ አልቀመጥም።

ሥራህን ልታጣ ትችላለህ። አውቃለሁ። እኔም አጥቻለሁ፣ አለሁ።

የካቲት 22 ቀን

እትዬ፣

ቆሜ ተናገርኩ። ስብሰባ ላይ ነበር፣ አስራ ሁለት ሰዎች ባሉበት። አለቃዬ «ይሄን ለብቻችን እናወራዋለን» አለኝ። አይ፣ እዚሁ ይሁን አልኩት። አንድ ሴት ናት፣ ማይክሮፎኑን የከፈትኩትም እኔ ነኝ አልኩ።

የአርባ አንዱም ተዘግቷል። በገዛ እጄ አንድ በአንድ ዘጋሁት፣ እየዘጋሁም ለእያንዳንዳቸው ክፍት እንደነበር ጻፍኩላቸው። እኔን ምድር ቤት ገመድ የሚጠቀለልበት ክፍል አውርደውኛል፤ እስከ መቼ እንደሆነ አልነገሩኝም። አለቃዬ ከወንበሩ አልተነቃነቀም። ላንቺ የተጻፈውን ይቅርታ አብሬ ልኬዋለሁ። ተጠንቅቀው የጻፉት ነው፣ ቢሆንም «አንድ ሰው ብቻ» የሚለው ቃል አለበት፤ ማኅተምም አለው።

ለሦስቱም ደብዳቤ ሄዷል። ሁለቱ ተመልሰው ሥራ ጠይቀዋል። ሦስተኛዋ ሴትዮ ሥራውን አልጠየቀችም። አንድ መስመር ብቻ ጻፈች፦ «ቤቴ ውስጥ ሳለሁ ሲሰማኝ የነበረው ማን ነው?»

ድርጅቱ «የቴክኒክ ክፍሉ ነው ብላችሁ መልሱላት» ይላል። ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ከተቀመጠ አምስት ቀኑ ነው። አስታውሳታለሁ፤ ትንሽ ልጅ ነበራት፣ እየተየበች ታባብለው ነበር። ምን ብዬ ልመልስላት?

መጋቢት 8 ቀን

ለወንድሜ፣

ባለህበት ሰላም ሁን። ወረቀቱ ደርሶኛል። ማኅተሙን ባለቤቴ ለደንበኛ ሁሉ ሲያሳይ ዋለ፤ ጫማ ሊያሠራ የመጣ ሁሉ አንድ ሰው መሆኔን አውቆ ሄደ። ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ። ጠጋኟ መጀመሪያ መጥታ ማይክሮፎኑን በዓይኗ አይታ ነው የሄደችው። ቢሆንም ገና ድምፄን ከፍ አድርጌ አልደግምም። በሹክሹክታ ነው የምሠራው። ይለቀኝ ይሆናል።

ከምድር ቤቱ ብርድ ተጠንቀቅ።

ምን ብዬ ልመልስላት ላልከኝ፣ ክፍል ጆሮ የለውም። ሴትዮዋ የጠየቀችው ማን ነው ብላ ነው። ዛሬውኑ ቁጭ በልና ስምህን ጻፍላት።

እትዬ